የአዞረስና የማዴይራ ቅድመ አያት ከመዝገብ ሲጠፋ፦ ችግሩና መፍትሄው

የቤተሰባችሁ ወይም የአማቶቻችሁ ዘር ከፖርቱጋል ደሴቶች የሚመዘዝ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። የአዞረስና የማዴይራ አብያተ ክርስቲያናት የድሮ የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች አብዛኞቹ ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ሰው የሚሰለቸው መዝገቡ ጠፍቶ አይደለም። በተሳሳተ በር እየገባ ነው።

«ስሙን ጻፍኩ፣ ምንም አይመጣም»

ብዙዎቹ መዝገቦች በስም አይፈለጉም፤ የገጽ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። የሚደረደሩት በደሴት፣ በወረዳ፣ ከዚያ በአጥቢያ ነው። በዚያ ላይ ከደሴቶቹ ተሰዶ አሜሪካ የገባው ሰው ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፔሬይራ ፔሪ፣ ሮድሪጌስ ሮጀርስ ሆኗል።

ስለዚህ አጥቢያውን ሳታውቁ መዝገብ አትክፈቱ። መጀመሪያ የአሜሪካውን ወረቀት አገላብጡ፦ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ፣ የዜግነት ማመልከቻ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ። «ከፋያል የመጣ» የሚል ካገኛችሁ ቶሎ አትመኑ፤ ፋያል ከአዞረስ ደሴቶች አንዷ ናት። የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ፋያል ላይ ባለችው በኦርታ ወደብ ቆመው ሠራተኛ ይቀጥሩ ስለነበር፣ ከሌላ ደሴት የመጣውም በፋያል ስም ሊመዘገብ ይችላል። የፓስፖርት መዝገብም አለ፤ ግን ውትድርና ሸሽቶ በሌሊት ጀልባ መርከብ ላይ የወጣ ጎረምሳ እዚያ ውስጥ አይገኝም።

«መንደሩን አግኝቻለሁ፣ ሰውየው ግን የለም»

ምናልባት ሌላ ደሴት ላይ ናችሁ፤ አንድ የቦታ ስም በብዙ ደሴቶች ይደጋገማል። ሳንታ ክሩዝ ፍሎሬስ ላይ አለ፣ ግራሲዮዛ ላይ አለ፣ ማዴይራም ላይ አለ። ላዤስ ፒኮም፣ ፍሎሬስም፣ ተርሴራም ላይ አለ። ሌላው ምክንያት አጥቢያው በኋላ ከትልቅ አጥቢያ የተቆረሰ መሆኑ ነው፤ የቀደመው ዘመን በእናት አጥቢያው መዝገብ ውስጥ ነው።

«ወንድማማቾቹ የቤተሰብ ስማቸው ለየቅል ነው»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ሕፃኑ ሲጠመቅ የሚጻፍለት የራሱ ስም ብቻ ነው፤ «ማኑኤል፣ የእገሌና የእገሊት ልጅ»። የቤተሰብ ስም የሚይዘው ሲያድግ ነው። ከአባቱ ሊወስድ ይችላል፣ ከእናቱ፣ ከአያቱ፣ አንዳንዴም ከክርስትና አባቱ። ሴቶቹ ደግሞ ማሪያ ዴ ዤሱስ ወይም ሮዛ ዳ ኮንሴይሳዎ ይባላሉ፤ ይህ የእምነት ስም እንጂ የዘር ስም አይደለም። «የአባትህ ስም ማን ነው?» እየተባለ ላደገ ሐበሻ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም መሰለኝ።

መፍትሄው ስሙን ትቶ የወላጆችን ጥንድ መያዝ ነው። ከጋብቻ ጀምሩ። የጋብቻው ጽሑፍ የሁለቱንም ወላጆችና የትውልድ አጥቢያ ይናገራል። ሠርጉ አብዛኛውን ጊዜ በሙሽሪት አጥቢያ ነው። ከዚያ የጥንዱን ልጆች በሙሉ፣ የሞቱትንም ጭምር፣ ዓመት በዓመት ልቀሙ።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ከ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የመዝገቡ አጻጻፍ አንድ ወጥ ሆነ፤ የጥምቀት ጽሑፉም የሁለቱንም ወገን አያቶች መዘርዘር ያዘ። የእናንተ ሰው በ1855 ተወልዶ አያቶቹ ካልተጻፉ፣ በ1862 የተወለደችውን ታናሽ እህቱን ፈልጉ። የእሷ አያቶች የእሱም ናቸው።

«ቀኑ አይገጥምም»

የድሮ ቄሶች መስከረምን «7ብሮ» ብለው ያሳጥራሉ። ሰባተኛው ወር፣ ጁላይ፣ አይደለም፤ ሴፕቴምበር ነው። 8ብሮ ኦክቶበር፣ 9ብሮ ኖቬምበር። ቃሉ ማርች የዓመቱ መጀመሪያ፣ ሴፕቴምበርም ሰባተኛው ወር ከነበረበት ከሮማውያን አቆጣጠር የመጣ ነው። የአሜሪካ ወረቀት ላይ ያለ ዕድሜም ግምት ስለሚሆን ግራና ቀኝ አምስት ዓመት ጨምሩ።

«ጽሑፉ አይነበብም»

ከ1890ዎቹ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የቄሱ ቃላት በየገጹ ያው ናቸው፤ አንዴ ዓይን ከለመደ ኅዳጉ ላይ ያለውን ስም ብቻ እያዩ መሮጥ ነው። ከ1911 በኋላ ያለው ግን የመንግሥት ምዝገባ ስለሆነ የሲቪል መዝገብ ቤት መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

«ያው ጥንድ በዘር ሐረጉ ላይ ሁለት ጊዜ መጣ»

ስህተት ላይሆን ይችላል። ደሴት ጠባብ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ ይጋባል። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የካቶሊኮቹ እገዳ ግን እስከ አራተኛ ደረጃ ነበር፣ እሱም በፈቃድ ይታለፋል። የጋብቻው ጽሑፍ ውስጥ «ዲስፔንሳ» (ፈቃድ) የሚል ቃልና የዝምድናውን ደረጃ ፈልጉ። ሁለተኛ ደረጃ ማለት የጋራ አያት፣ ሦስተኛ ማለት የጋራ ቅድመ አያት ነው። የዚያ ትውልድ መዝገብ በምስጥ የተበላ ከሆነ የት መቆፈር እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይህቺ ቁጥር ብቻ ልትሆን ትችላለች።