የታደሰው የ2025 ፎርድ ማቭሪክ፦ ስክሪኑ ሳያታልልዎ የሚስማማዎትን ደረጃ እንዴት እንደሚመርጡ

የፎርድ ትንሽ ፒክአፕ የሆነው ማቭሪክ በ2022 ሞዴልነት አሜሪካ ገበያ ሲገባ መነሻ ዋጋው 19,995 ዶላር ነበር። የታደሰው የ2025 ሞዴል ሲተዋወቅ ግን መነሻው ማጓጓዣው ሳይጨመር ከ26,000 ዶላር አልፏል። ዋጋው ይህን ያህል ሲጨምር የምርጫ ስህተትም ውድ ይሆናል። ብዙ ገዢ ሻጩ ጋ ሄዶ ትልቁን ስክሪን ይነካካል፣ ቀለም ይመርጣል፣ ፈርሞ ይወጣል። በኋላ ተጎታች ሊያስር ሲል መኪናው 2,000 ፓውንድ ብቻ እንደሚጎትት ይነገረዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ክብደት፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ከዚያ መጎተቻ፣ የደረጃው ስም (ኤክስኤል፣ ላሪያት የመሳሰለው) በመጨረሻ።

"አዲስ" የሚለውን ቃልም በልኩ ይውሰዱት። መኪናው ከሥር የተለወጠ አይደለም፤ አካሉ ያው ነው፣ የሚገጣጠመውም እንደ በፊቱ ሜክሲኮ ኤርሞሲዮ ከተማ ነው። የተለወጡት የፊት መብራቱና ፍርግርጉ፣ ውስጡ፣ የሞተርና የመንዳት አማራጮቹ፣ እንዲሁም ሎቦ የተባለው አዲስ ደረጃ ናቸው። አገር ቤት በሃይሉክስ ዓይናችሁ ለሠለጠነ ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ማቭሪክ ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። አካሉና ሻንሲው እንደ ቤት መኪና አንድ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ ለስላሳ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ድንጋይ ጭኖ ኮረኮንች ላይ መደብደብ ግን ሥራው አይደለም።

1. ምን እንደሚጭኑ በፓውንድ ይጻፉ

የማቭሪክ ከፍተኛ የመጫን አቅም 1,500 ፓውንድ ነው፤ 680 ኪሎ ገደማ። ይህ ግን የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የእርስዎን መኪና ትክክለኛ ቁጥር የሚነግርዎ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው የጎማና የጭነት መለያ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል። በተጨመረው ዕቃ ምክንያት ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ማቭሪኮች የተለያየ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል፤ ስለዚህ የሚገዙትን መኪና በር ራሱን ይክፈቱ። ብሮሹሩን አይመኑ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወረቀቱ 1,400 ይላል እንበል። ሾፌሩ 190፣ ረዳቱ 170 ፓውንድ ቢሆኑ 360 ሄደ። ከኋላ 3,000 ፓውንድ የሚመዝን ተጎታች ቢያስሩ፣ ተጎታቹ መጎተቻው ኳስ ላይ የሚጥለው ክብደት በተለምዶ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ በ12 በመቶ ሌላ 360 ፓውንድ። የቀረው 680 ነው። ባለ 80 ፓውንድ የኮንክሪት ከረጢት ስምንት ጭነው ዘጠነኛውን መተው አለብዎ ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የራሱንና የረዳቱን ክብደት እንዲሁም የተጎታቹን ጫና ከጭነት አይቆጥርም።

ሲበዛ ምን ይሆናል? የኋላው ይወርዳል፣ የፊቱ ይነሳል። መብራቱ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፣ መሪው ይቀልላል፣ ፍሬን ሲይዙ መኪናው የሚቆመው ርቆ ነው። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳውን ከመረጡ ደግሞ እርጥብ ዳገት ላይ የፊት ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፤ የሚገፋውን ጎማ መሬት ላይ የሚጫነው ክብደት ወደ ኋላ ሄዷልና።

የደረጃው ምርጫ ይህንን ቁጥር ይነካል። ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የተሠራው ሎቦ የመጫን አቅሙ ከመደበኛዎቹ በብዙ ያንሳል፤ 1,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ለሥራ የሚፈልጉት ከሆነ ሎቦን ከአሁኑ ይሰርዙት።

2. ጭነቱ በርዝመትና በስፋት ይገባ እንደሆነ ይለኩ

የጭነቱ ቦታ ርዝመት 54 ኢንች ገደማ ነው፤ አራት ጫማ ተኩል። የኋላው ስፖንዳ ሲወርድ ስድስት ጫማ ያህል ይሆናል። በጎማ ጉብታዎቹ መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 43 ኢንች አይሞላም። ባለ 4 በ 8 ጫማ ኮምፔንሳቶ ስፋቱ 48 ኢንች ስለሆነ ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ አይተኛም።

መፍትሔው ስፖንዳው ላይ ነው። ስፖንዳውን ይክፈቱና የሁለቱን ጎን ገመዶች በጎን በኩል ባለው ሌላኛው መያዣ ላይ ይስቀሏቸው፤ ስፖንዳው ከመሀል ላይ ቆሞ ከጎማ ጉብታዎቹ ከፍታ ጋር ይስተካከላል። ያን ጊዜ ኮምፔንሳቶው ከፊት በጉብታዎቹ፣ ከኋላ በስፖንዳው ጫፍ ላይ ተኝቶ ይሄዳል። ሁለቱም ገመዶች በአንድ ዓይነት መያዣ ላይ መሆናቸውን ሳያዩ አይጫኑ፤ አንዱ ብቻ ከተሰቀለ ስፖንዳው ይጣመማል። ትርፉ በማሰሪያ ይጠፈር፤ በብዙ ግዛቶች ከ4 ጫማ በላይ ወደ ኋላ ለወጣ ጭነት ቀይ ጨርቅ ግዴታ ነው።

ወለሉና ግድግዳው ላይ በፕሬስ የተሠሩ ስንጥቆች አሉ። "ቱ ባይ ፎር" የሚባለውን ጣውላ ቆርጠው ሲከቱበት ክፍልፋይ ይሆናል። ስሙ 2 በ 4 ቢሆንም ጣውላው በእውነት 1.5 በ 3.5 ኢንች ስለሆነ በጠባቡ ስንጥቅ ይገባል። ቲማቲም ሳጥን፣ የዘይት ጀሪካን፣ የምግብ ትሪ የሚያመላልስ ሰው ለሁለት ጣውላ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ዕቃው ሲንሸራተት ከመስማት ይገላገላል። ለዚህ ሲባል ከፍ ያለ ደረጃ መግዛት አያስፈልግም።

በጭነቱ ቦታ ግድግዳ ከትንሽ መክደኛ ጀርባ አስቀድሞ የተዘረጉ የ12 ቮልት መስመሮች አሉ፤ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 20 አምፔር። በሒሳብ እያንዳንዱ 240 ዋት ነው። ለመብራትና ለትንሽ ፓምፕ ይበቃል፣ ለእንጀራ ምጣድ ግን አይታሰብም። ሲቀጥሉ ከሚያገናኙት መሣሪያ ጋር የሚመጣጠን ፊውዝ ያስገቡ፤ የቀጭን ሽቦ መጋል መነሻው ይህ መዘለሉ ነው።

3. ሞተሩን ይምረጡ

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው 2.5 ሊትር ሃይብሪድ ሲሆን ቤንዚኑና ኤሌክትሪኩ ተደምረው 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ሁለተኛው 2.0 ሊትር ቱርቦ፣ ኢኮቡስት የሚባለው ነው። እስከ 2024 ድረስ ሃይብሪዱ በፊት ጎማ ብቻ ነበር የሚነዳው፤ ለበረዶ አራቱንም ጎማ የፈለገ ሰው ቱርቦውን መግዛት ግድ ይሆንበት ነበር። በ2025 ሃይብሪዱም በአራት ጎማ መነዳት ጀመረ። ከሁሉም ማሻሻያ ለተራው ገዢ ትልቁ ይህ ነው፤ ከስክሪኑ ይልቅ የሚወራለት መሆን ነበረበት።

የመንግሥት የፍጆታ መለኪያ በፊት ጎማ ለሚነዳው ሃይብሪድ በከተማ 42፣ በአውራ ጎዳና 35፣ በአማካይ 38 ማይል በጋሎን ይሰጠዋል። የአራት ጎማው በአማካይ 37 ነው፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቱርቦው 25 ገደማ ነው። በዓመት 12,000 ማይል ቢነዱ የአራት ጎማው ሃይብሪድ 324፣ ቱርቦው 480 ጋሎን ይጠጣሉ። ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን በዓመት 546 ዶላር ልዩነት ማለት ነው።

ሃይብሪዱ በከተማ የሚቆጥብበት ምክንያት ፍሬን ሲይዙ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ነው። ሲሞክሩት ዳገት ላይ ሞተሩ በአንድ ድምፅ ሲያጓራ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ካምቢዮው ደረጃ በደረጃ አይቀይርም። በሌሎች መኪኖች እንደሚታወቀው የሚያልቅ የብረት ቀበቶም የለውም፣ ሥራው በጥርሶችና በኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው። ቱርቦውን መምረጥ የሚያስኬደው ዘወትር ከባድ ተጎታች ለሚስብ፣ ወይም ለጭቃ የተሠራውን ትሬመርንና ዝቅ ያለውን ሎቦን ለሚፈልግ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በቱርቦ ብቻ ነው የሚመጡት።

4. መጎተቻውን ከመፈረምዎ በፊት ይጨርሱት

መደበኛው ማቭሪክ 2,000 ፓውንድ ይጎትታል። 4,000 ፓውንድ የሚጎትተው "ፎር ኬይ ቶው" የሚባለው ጥቅል ሲታዘዝለት ነው። ሃይብሪድ ከመረጡ ጥቅሉን የሚያገኙት በአራት ጎማ ከሚነዳው ጋር ነው።

ወጥመዱ እዚህ አለ። ከባምፐሩ ሥር አራት ማዕዘኑን የመጎተቻ ቀዳዳ ያዩ ሰዎች "አለው" ብለው ያልፋሉ። ቀዳዳው ብቻውን ምንም አይነግርም። ጎንበስ ብለው የመብራት ሶኬቱን ይመልከቱ፦ ጠፍጣፋ ባለ 4 ሽቦ ከሆነ የትንሹ ነው፤ ክብ ባለ 7 ቀዳዳ ከሆነ የትልቁ። ከዚያም በመስኮቱ ወረቀት ላይ የጥቅሉ ስም በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ። "በኋላ እንገጥምልዎታለን" የሚል ሻጭ ቀዳዳውንና ሽቦውን ሊገጥም ይችላል፤ በፋብሪካ የሚገባውን ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ግን አይገጥምም። ያለዚያ ከባድ ተጎታች ዳገት ላይ ሲሳብ የካምቢዮው ዘይት ይግላል፣ ሲደጋገም ይቃጠላል። ጥገናው ከጥቅሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ተጎታቹ ከባድ ከሆነ የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ በብዙ ግዛቶች ወሰኑ 3,000 ፓውንድ ነው። የተጎታቹን ፍሬን የሚቆጣጠረው መሣሪያ በሚገዙት መኪና ላይ መኖሩን ለይተው ይጠይቁ።

5. አሁን ወደ ደረጃዎቹ

ኤክስኤል መነሻው ነው፤ የብረት ቸርኬ፣ ቀለል ያለ ውስጥ። ለሥራ ብቻ ለሚገዛ ከዚህ ማለፍ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ብቻ ትንሽ የሚመስሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ በ2022ቱ ኤክስኤል ላይ ክሩዝ ኮንትሮል እንኳ አልነበረም፣ ገዢዎች ያወቁት አውራ ጎዳና ከወጡ በኋላ ነው። ያገለገለ የሚገዙ በተለይ ይህን ያስቡ።

ኤክስኤልቲ ለአብዛኛው ቤተሰብ ልክ ነው። በሳምንቱ ሥራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት መኪና ከሆነ ገንዘቡን እዚህ ያቁሙ፤ የተረፈውን በአራት ጎማ መንጃውና በመጎተቻው ጥቅል ላይ ያውሉት። ላሪያት ምቾት ነው፣ ጉልበት አይጨምርም። ትሬመር አንድ ኢንች ከፍ ያለ፣ ለጭቃና ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሽርሽር ለሚወጣ ሰው ብክነት ነው። ሎቦ ተቃራኒው፦ ዝቅ ያለ፣ ባለ 19 ኢንች ጎማ፣ ባለ 7 ማርሽ፣ ኩርባ ላይ የሚጫወት። የወጣት መኪና ነው ቢባል አያስቀይምም።

13.2 ኢንች ስክሪኑ ከኤክስኤል ጀምሮ በሁሉም ላይ አለ፤ ድሮ 8 ኢንች ነበር። ስልክ ያለ ገመድ ይገናኛል። ስለዚህ "ስክሪኑ ደስ ስላለኝ" ተብሎ ወደ ላይ መውጣት ምክንያት አይሆንም። ይልቅ ሲሞክሩት ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን ጓንት አድርገው ለማስተካከል ይሞክሩ፤ ክረምት ላይ የሚያናድደው እሱ ነው።

6. መኪናው ራሱ ጋ ሲደርሱ

ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የመኪና መለያ ያንብቡ። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ "አር" ከሆነ 2024፣ "ኤስ" ከሆነ 2025። የታደሰውን ነው የምሸጥልዎ ብሎ የቆየ የ2024 ሞዴል የሚያቀርብ ሻጭ ካጋጠመ እዚያው ይታያል። ያንኑ መለያ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተጠገነ የፋብሪካ ጥሪ (ፋብሪካው መኪናው ተመልሶ እንዲጠገን የጠራበት ጉድለት) ካለ በነፃ ያዩታል።

የልጅ ወንበር ካለዎ ይዘው ይሂዱና ከኋላ አስረው የፊቱን ወንበር ወደሚነዱበት ቦታ ይመልሱት፤ ጉልበትዎ ዳሽቦርዱን ከነካ መልሱን አገኙ። የመኪናው ርዝመት 200 ኢንች ገደማ ነው፣ ከአምስት ሜትር ትንሽ ያልፋል። አፓርትመንት የሚኖር ሰው የመኪና ማቆሚያውን በሜትር ሳይለካ አይፈርም።

ዋጋውን ደግሞ በኢሜይል፣ ግብሩና ሁሉም ክፍያ ተጠቃሎ "ቁልፍ ይዤ የምወጣበት ዋጋ ስንት ነው?" ብለው ይጠይቁ። ማቭሪክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተፈላጊነቱ የተነሳ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ በየሻጩ ሲጨመርበት ነበር። ያላዘዙት የመስታወት ጥቁረት፣ የቀለም መከላከያ ወይም የጎማ ናይትሮጂን ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ካዩ "ይውጣ" ይበሉ። አይወጣም ካሉ የጽሑፍ ዋጋውን ይዘው ሌላ ሻጭ ጋ ይሂዱ።