ድኙ ጠቁሮ አልፈስ አለ? የሰልፈር ማቅለጥ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ለዓመታት ድኝ አቅልጫለሁ። መነጽር ማድረግንና መስኮት መክፈትን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

በፈላ ውሃ አልቀልጥ አለ። ድኝ የሚቀልጠው በ115 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቀኑን ሙሉ ብታፈሉት ዋጋ የለውም። ድኙን የያዘውን የሙከራ ቱቦ የጋለ ዘይት ውስጥ አቁሙት፣ ዘይቱን 130 ዲግሪ ላይ ያዙት። የቱቦው ውጭ ደረቅ ይሁን፤ አንድ ጠብታ ውሃ ዘይቱን ያፈናጥረዋል።

ቀልጦ ሳለ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ቱቦው ቢገለበጥም አይወርድም። በየዓመቱ የማየው ይሄን ነው። አንዷ ተማሪ ቱቦውን በመቆንጠጫ ይዛ እየሮጠች መጣች። "ቲቸር፣ አረረብኝ!" ውስጡ ቀይ ቡናማ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልትደፋው ነበር። ምንም ያረረ ነገር የለም።

በጠጣሩ ድኝ ውስጥ 8 አቶሞች ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል። ሲቀልጥ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀጭን ቢጫ ፈሳሽ የምታዩት። ሙቀቱ 160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለበቶቹ ይበጠሳሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ሰንሰለቶቹ እንደ ክር ይተበተባሉ። 190 ዲግሪ ሲጠጋ ከማር ይብሳል።

መፍትሄው ከእሳቱ አውጥቶ መጠበቅ ነው። እየበረደ ሲሄድ ተመልሶ ይቀጥናል። ትዕግስት ብቻ ነው የሚፈልገው! አንድ ባልደረባዬ ግን ቸኩሎ ቢከሩን በቀጥታ ከሰል ምድጃ ላይ ጣደው። ላዩ ገና ቢጫ ዱቄት ሆኖ ታቹ ጠቆረ። የወፈረው ድኝ ሙቀቱን ወደ ላይ አላሳልፍ አለ፣ ታቹ ብቻ ጋለ፣ መናኛው ብርጭቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። እባካችሁ ለእሳት ያልተሠራ ርካሽ ብርጭቆ አትግዙ። በቆጠባችሁት ብር የልጅ እጅ ይቃጠላል።

እንደ ላስቲክ የሚለጠጠውን ድኝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ማሞቁን ቀጥሉ። ሰንሰለቶቹ እያጠሩ እንደገና ይቀጥናል። ያኔ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቀጭኑ አፍስሱት። ድኝን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ ድኝ በፍጹም!

ሰማያዊ ነበልባል ታየ፣ ጉሮሮ ያንቃል። ድኝ የሚፈላው በ445 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አየር ካገኘ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ይቀጣጠላል። የሚያንቃችሁ ድኝ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። አፉን በብረት ክዳን ድፈኑት። ውሃ አትርጩ፤ ውሃው በቅጽበት ተንኖ የቀለጠውን ድኝ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። አስም ያለበትን ልጅ መጀመሪያ አስወጡ። እንዲያውም እሳቱን ሳትለኩሱ በፊት ማን አስም እንዳለበት ጠይቁ።

የረጋውን ዳግም ስታቀልጡ ቱቦው ተሰነጠቀ። ድኝ ሲቀልጥ ይሰፋል። ከታች ከሞቀ መውጫ ያጣል፤ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች አቅልጡት።

ላስቲኩ በጥቂት ቀናት ተሰባሪ ሆነ። ወደ ቀለበቱ ተመልሷል።

የቀለጠው ድኝ ሲረጋ የሠራቸው ብሩህ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ደበዘዙ። ያ ቅርጽ ከ95 ዲግሪ በታች አይጸናም።

የቱቦው አፍ ላይ ቢጫ ዱቄት ተለጠፈ። ተኑ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ጠጣር ሆነ። የድኝ አበባ የሚባለው እሱ ነው። በእሳት አታጽዱት፣ ይቀጣጠላል። ቱቦው ሲበርድ በእንጨት ፍቃችሁ ለሚቀጥለው ክፍል አስቀምጡት።