ስክሪን ሪደሩ «ግራፊክ» ብሎ ሲያልፍ

ምልክት፦ ድረ ገጻችሁን በስክሪን ሪደር (ማየት ለተሳናቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚከታተል ሰው የሚሰማው «ግራፊክ» ወይም የፋይል ስም ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ? ጽሑፉ ፎቶ ሆኖ ተለጥፏል፣ ፎቶውም አልት (ምስሉ የሚለውን የሚገልጽ፣ ኮዱ ውስጥ የሚገባ ጽሑፍ) የለውም። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ገጹ ላይ የተተየበ ፊደልን ነው።

አንዴ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣ ድረ ገጽ ሳስተካክል፣ ማየት የተሳነው ሥራ ፈላጊ ወጣት አጠገብ ተቀመጥኩ። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ከፍቶ ታብ ተጫነ። «ሊንክ፣ ግራፊክ፣ አይኤምጂ 2043» አለው። ደግሞ ተጫነ። «አይኤምጂ 2044»። የምዝገባው ቀን፣ የሚፈለገው ማስረጃ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሁሉም ያለው ፖስተሩ ላይ ነው። «በቃ፣ ሰው ፈልጌ አስነብባለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መፍትሄ፦ ጽሑፉን ገጹ ላይ ተይቡት። ፖስተሩ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ግድ የለም። አልቱ ላይ «ፎቶ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። ምስሉ የሚለውን ጻፉ፦ «ሴት ቆማ» ሳይሆን «ነርስ የሕፃን ክብደት ስትመዝን»። ለጌጥ የገባ ከሆነ አልቱን ባዶ ተዉት። ግን «አልት» የሚለውን ራሱን ከኮዱ ጨርሶ አትሰርዙት! ከጠፋ፣ በተለይ ምስሉ ሊንክ ከሆነ፣ የፋይል ስም መነበብ ይጀምራል። ምስሉን ሁሉ «ኢሜጅ» በሚል አልት ሞልተው ቴምፕሌት (የተዘጋጀ የድረ ገጽ ንድፍ) የሚሸጡ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። አውቶማቲክ መፈተሻ «አልት አለው» ብሎ ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በጆሯችሁ ስሙት። ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፣ ሰበብ የለም።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ያው ፎቶ ነው። በኦሲአር (ፎቶ ላይ ያለን ፊደል ለይቶ ጽሑፍ በሚያደርግ ፕሮግራም) ቀይሩት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አርሙት። ሳይታረም አትልቀቁት፤ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ስልኩ ሌላ ሰው ጋ ይደውላል።

ምልክት፦ «በተን» ብቻ ይላል። አዝራሩ ላይ ያለው አይኮን ብቻ ነው። «ፈልግ»፣ «ላክ» የሚል ስም ስጡት።

ምልክት፦ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል አልተቻለም። ፊደል አወፍራችሁ ርዕስ አስመስላችኋል። ኤች 1፣ ኤች 2 በሚሉት የርዕስ ኮዶች በደረጃ አድርጉት።

ምልክት፦ አማርኛውን ይዘለዋል ወይም ያበላሸዋል። የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ተሞልቷል። ኮዱ ላይ ላንግ (ቋንቋ) የሚለውን ኤኤም (አማርኛ) አድርጉት፤ መሣሪያው ላይ የአማርኛ ድምፅ ካለ ወደዚያ ይዞራል።

ምልክት፦ ዓይኑ የደከመ ሰው «አይታየኝም» ይላል። ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ ነዋ! የፊደሉና የጀርባው ቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 ይሁን። ዙም የሚከለክለውንም ኮድ አውጡት፤ ዛሬውኑ።