ያለ በርበሬም የሚያሳምም የተፈጨ ሥጋ አልጫ፦ ችግርና መፍትሄ

ሆዱ ለሚያስቸግረው ሰው በሚሠራ የተፈጨ ሥጋ አልጫ ውስጥ በርበሬ እንደማይገባ፣ ሥጋው ቀይ መሆን እንዳለበት፣ ጥሬ እንደማይቀር የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም «አልጫ በላሁ፣ ግን ታመምኩ» የሚለው ቅሬታ አያልቅም።

ከበሉ በኋላ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል

ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው፤ ጥፋተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርት ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ትንሹ አንጀት ሊፈጨው ስለማይችል እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። ብዙ ሰው አይሰማውም፤ አንጀቱ ስስ የሆነ ግን ሲገላበጥ ያድራል።

«በደንብ ካቁላላሁትስ?» ይሉኛል። አንዲት ጎረቤቴ ለባለቤቷ ሽንኩርቱን ከዓይን እስኪጠፋ ታቁላላው ነበር። ሽንኩርቱ ጠፋ፤ የሰውየው ሆድ እንደ ከበሮ መወጠሩ ግን አልቀረም። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሙሉውን ሽንኩርት ከወጡ ጋር ቀቅሎ መጨረሻ ላይ አውጥቶ ጣለው። ይህም ከንቱ ነው፤ ፍሩክታን በውሃ ስለሚሟሟ መረቁ ውስጥ ቀርቷል።

በዘይት ግን አይሟሟም። መውጫው እዚህ ላይ ነው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አራት ቦታ የተሰነጠቀ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ያልተከተፈ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በዝግተኛ እሳት ላይ ይጣዱ። ጠርዛቸው ወርቃማ ሲሆን አንድም ሳይቀር ለቅመው ያውጡ። ከዚያ በፊት ውሃ ጠብ እንዳይል! ሽታው ዘይቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠል (ነጩን ክፍል አይንኩት)፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ጥቂት ዝንጅብልና እርድ ይግባበት። ዘይቱን ግን በጠርሙስ ሞልተው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ፤ ነጭ ሽንኩርት የተቀመጠበት ዘይት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለፍተው ድስቱን ጥለው አይውጡ። «ለሽታ ያህል ትንሽ ናት» ብላ ነጭ ሽንኩርት የምትጨምር አክስት በየቤቱ አለች። የሾርባ ማጣፈጫ ኩብም ያው ነው፤ አብዛኛው የሽንኩርት ዱቄት አለበት። ማሸጊያውን ሳያነቡ የሚጨምሩ ሰዎች ያበሳጩኛል።

ሥጋው ይጓጉላል፣ ይደርቃል

በጋለ ድስት ላይ ስለተጣለ ነው። በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድመው ይበትኑት፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ይጨምሩና እስኪፈላ ያማስሉ። ጅማት ጅማት የሚል ከሆነ ጥፋቱ የሥጋ ቤቱ ነው፤ ቅራፊውን ፈጭቶ ሸጦልዎታል። ሥጋውን ራስዎ መርጠው ፊትዎ ያስፈጩ።

ቃር

ቅቤው በዝቷል። ስብ የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። ወጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩና የረጋውን ስብ ከላይ ይግፈፉ።

ቀጠነ? የተቀቀለ ድንች ጨፍልቀው ይጨምሩ።

ሰገራ ከጠቆረ፣ ደም ከታየ ወይም ክብደት ከቀነሰ ጉዳዩ የወጥ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ኤች ፓይሎሪም (የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ) በአልጫ አይድንም።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ያስገቡ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። በሩዝም፣ በድንችም፣ በጤፍ እንጀራም ይበላል። በማካሮኒ በልተው «አሁንም ነፋኝ» የሚሉኝ አሉ፤ ስንዴም ፍሩክታን አለው።