ኃይለኛ ካርታዎችን ወደ ዶሚኒየን ጨዋታ ስለ ማስገባት

ዶናልድ ኤክስ. ቫካሪኖ የፈጠረው ዶሚኒየን እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ቀርቦ በ2009 በጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ የተሸለመ የካርታ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች መክፈያ የሆኑ 7 የመዳብና ነጥብ የሚያስገኙ 3 የኢስቴት ካርታዎች ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት 10 ዓይነት ካርታዎች እየገዛ የራሱን ክምር ያሳድጋል። ጨዋታው ከወጣ ጀምሮ አዳዲስ ካርታዎች የሚጨምሩ ከአሥር በላይ የማስፋፊያ ጥቅሎች ታትመውለታል። አዲስ ጥቅል የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ውዶቹንና ኃይለኞቹን ካርታዎች በሙሉ ባንድ ጊዜ ለመደርደር ይቸኩላል። የዶሚኒየን ካርታ ጉልበት ግን የሚለካው አብረውት በተደረደሩት ካርታዎች ስለሆነ፣ ማስፋፊያን በአግባቡ ማስገባት ማለት ለኃይለኛው ካርታ ተስማሚ ጎረቤት መምረጥ ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። አብዛኞቹ ማስፋፊያዎች የመዳብ፣ የብርና የወርቅ ካርታዎችን ስለማይዙ የመጀመሪያው (መሠረታዊው) ጨዋታ በእጅዎ ከሌለ ብቻቸውን አያጫውቱም። ለጀማሪ የምመክረው ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን በ2022 አንዳንድ ካርታዎቹ ተቀይረው እንደገና ታትሟል። ከታች የምሰጣቸው ምሳሌዎች በሁለቱም እትሞች ይሠራሉ። ካርታዎቹን በፕላስቲክ ልባስ የሚሸፍኑ ከሆነ ደግሞ አሮጌውንም አዲሱንም ይሸፍኑ፤ አለበለዚያ ያረጀው መዳብና ያልተነካው አዲስ ካርታ ሲበወዙ ከጀርባቸው ይለያሉ፤ ተጫዋቹም ቀጥሎ የሚስበውን ካርታ አስቀድሞ ያውቃል።

በአማርኛ እየተነጋገርን ለምንጫወት ሰዎች ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ነገር በቃላት መስማማት ነው። እንግሊዝኛው ካርታ ዲስካርድ ሲል ካርታው ወደ ራስዎ የተጣሉ ካርታዎች ክምር ይሄዳል፤ ክምሩ እንደገና ሲበወዝም ተመልሶ ይመጣል። ትራሽ ሲል ግን ካርታው እስከ መጨረሻው ከክምርዎ ይወጣል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሁለቱንም «ጣለ» ስለምንላቸው ስህተቱ ቀላል ነው። በአንድ ምሽት ጨዋታችን ላይ በሚሊሻ ካርታ ምክንያት ሁለት ካርታ እንዲጥል የታዘዘ ጓደኛችን ወርቁን ጭምር ለሁልጊዜው አስወግዶት ኖሮ፣ ነገሩ የታወቀው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን «መጣል»፣ ሁለተኛውን «ማስወገድ» ብለን እንጥራቸው። እንደዚሁም «መግዛት» እና «ማግኘት» ይለያያሉ፤ አንድ ካርታ ያለ ክፍያ ካርታ ሲያስገኝልዎ የተራዎን ግዢ አልተጠቀሙም። አዲሶቹን ካርታዎች ከመጫወትዎ በፊት አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብና በአማርኛ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ በመሃል ከሚነሳው ክርክር ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ድርደራው እንምጣ። ከአሥሩ ዓይነቶች አምስቱን ከመጀመሪያው ጨዋታ፣ አምስቱን ከማስፋፊያው ይምረጡ። ከፕሮስፔሪቲ ኪንግስ ኮርት የተባለው ካርታ ደረሰ እንበል። ዋጋው 7 ሲሆን በእጅዎ ያለን አንድ የድርጊት ካርታ (በተራዎ ተጫውተው የሚያሠሩትን ካርታ) ሦስት ጊዜ ያሠራል። ሦስት ካርታ የሚያስስበው ስሚዚ ላይ ሲውል ዘጠኝ ካርታ ያስስባል፤ ነገር ግን በተራዎ ያለዎት አንድ ድርጊት አልቋልና ከሳቧቸው መካከል የድርጊት ካርታዎች ቢኖሩ ሳይሠሩ ይቀራሉ። አንድ ካርታና ሁለት ድርጊት የሚሰጠው ቪሌጅ ላይ ሲውል ግን ሦስት ካርታና ስድስት ድርጊት ስለሚሰጥ ተራው ረጅምና ፍሬያማ ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ኪንግስ ኮርት በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ አንድ ድርጊት የሚጨምር ካርታ መኖር እንዳለበት ነው። ዊች አብሮት ካለ ደግሞ ይጠንቀቁ። ዊች ሦስት ጊዜ ስትሠራ ስድስት ካርታ ታስስባለች፤ ለእያንዳንዱ ተቃዋሚም ሦስት የእርግማን ካርታ ታድላለች፤ እያንዳንዱም አንድ ነጥብ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ጥምረት ሲፈጠር ጥቃቱን የሚከላከለውን ሞውት ወይም አራት ካርታ ድረስ የሚያስወግደውን ቻፕል መጨመር ተገቢ ነው። ያለ እነዚህ የተጎዳው ተጫዋች ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል፤ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ለማንም አልመክርም።

ፕሮስፔሪቲ 9 ሳንቲም የሚያወጣውንና 5 ሳንቲም የሚሰጠውን ፕላቲነም፣ 11 ሳንቲም የሚያወጣውንና 10 ነጥብ የሚያስገኘውን ኮሎኒም ይዞ መጥቷል። እነዚህን ባያስገቡም ጨዋታው ይሄዳል፤ ሆኖም በማስፋፊያው የመጀመሪያ ጨዋታዎች ላይ ቢያስገቧቸው እመርጣለሁ። ባለ 8 ሳንቲሙና ባለ 6 ነጥቡ ፕሮቪንስ ከፍተኛው ግብ ሲሆን ጨዋታው ቶሎ ስለሚያልቅ፣ 7 ሳንቲም አጠራቅሞ ኪንግስ ኮርትን የገዛ ሰው ጥቅሙን ሳያየው ይቀራል። ኮሎኒ ግቡን ያርቀዋል፤ ክምሩ ለመጎልበት ጊዜ ያገኛል። የኮሎኒ ክምር ማለቅም እንደ ፕሮቪንስ ክምር ጨዋታውን እንደሚዘጋው አይርሱ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የዕድል ጉዳይ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ሰባቱ መዳቦች አንድም 3 እና 4፣ አንድም 2 እና 5 ሆነው ይከፈላሉ፤ ሁለተኛው አከፋፈል የሚደርሰው ከስድስት ጊዜ አንዴ ነው። ማስፋፊያው ዋጋው 5 የሆነ እጅግ ጠንካራ ካርታ ካለው፣ ይህ የደረሰው ተጫዋች ከሌሎቹ ቀድሞ ይገዛዋል። ይህን ለማስቀረት ሁሉም ተጫዋቾች በመጀመሪያው ተራ አራት መዳብ፣ በሁለተኛው ሦስት መዳብ ይዘው እንዲጀምሩ መስማማት ይቻላል። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ በመክፈቻው የሚሰማው ቅሬታ ቀርቷል።

በአንድ ማስፋፊያ ሦስት አራት ጊዜ ሳይጫወቱ ሁለተኛውን አይክፈቱ። ሲሳይድ የተባለው ማስፋፊያ ቀጥሎ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ዋናው አዲስ ነገሩ ውጤታቸው እስከሚቀጥለው ተራ የሚዘልቅ ካርታዎች ናቸው። ለምሳሌ ዋርፍ አሁን ሁለት ካርታና አንድ ግዢ ሰጥቶ በሚቀጥለው ተራም ያንኑ ይደግማል። በተራው መጨረሻ ከሌሎቹ ጋር ጠራርጎ መጣል የተለመደ ስህተት ስለሆነ እነዚህን ካርታዎች ከሌሎቹ ፈንጠር አድርገው ወደ ፊት ያስቀምጧቸው። አልኬሚ የተባለው ማስፋፊያ ግን የተለየ አያያዝ ይፈልጋል፤ ካርታዎቹ ፖሽን የተባለ የራሳቸው መክፈያ ስላላቸው አንድ ብቻ ቢገባ ለዚያ ሲል ፖሽን መግዛት አያዋጣም፤ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት አብረው ይግቡ።

ጨዋታው ሲያልቅ በቅድሚያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 7 መዳብና 3 ኢስቴት ለይተው ያስሩ፤ ከዚያ በኋላ የየማስፋፊያውን ካርታዎች ስማቸው በተጻፈበት መከፋፈያ ለየብቻ ይመልሱ።