ኮምፒውተር በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ከየት እንጀምር?

ኮምፒውተር በአካባቢ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሲነሣ በቅድሚያ የሚሰጠው ምክር «መብራት ቆጥቡ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ክብደቱ እንደየአገሩ ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዋናው መስመር ከሚገኘው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ፣ አንድ ላፕቶፕ ሲሠራ ቢውል የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አነስተኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በአመዛኙ ከተፈጥሮ ጋዝ በሚመነጭባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ያው ላፕቶፕ ለያው ሰዓት ሲሠራ ጉዳቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሁለቱም ቦታ የማይለወጠው ኮምፒውተሩ ገና ሳይከፈት፣ ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ቺፑ ሲመረት እና ስክሪኑ ሲሠራ የደረሰው ጉዳት ነው። አምራቾች ራሳቸው በሚያወጧቸው መግለጫዎች መሠረት አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው ልቀት አብዛኛው የሚመጣው ከምርቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው እርምጃ በእጅ ያለውን ኮምፒውተር ረዘም ላለ ጊዜ መጠቀም ነው።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን የሚቀይረው ተበላሽቶበት ሳይሆን ተንቀራፍፎበት ነው። ለመቀየር ከመወሰንዎ በፊት መንሥኤውን ይመርምሩ። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ ሲፒዩ (ሥራውን የሚያሰላው ክፍል)፣ ራም (በመስኮቱ ላይ «Memory» የሚለው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም ዲስክ (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ከሚባሉት የትኛው ወደ 100 በመቶ እንደሚጠጋ ማየት ይቻላል። ዲስኩ ከሆነና ኮምፒውተሩ ተሽከርካሪውን የቀድሞ ሀርድ ዲስክ የያዘ ከሆነ፣ ተሽከርካሪ ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ መተካት ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚደረጉ ጥገናዎች ሁሉ ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ ይረዳል፤ ሆኖም በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባለሙያ ከፍቶ እንዲያየው ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ማጥፋት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሙቀትና አቧራ የኮምፒውተርን ዕድሜ ያሳጥራሉ። ፋኑ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ከሆነ ከፍቶ አቧራውን ማጽዳት፣ ዓመታት ያገለገለ ከሆነም በፕሮሰሰሩ (በሲፒዩው) ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ማደስ ያስፈልጋል። ላፕቶፕን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ባትሪውም ቢሆን ሙቀትንና ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ መቆየትን አይወድም። ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክተው የሚሠሩ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የሌኖቮ፣ የዴል እና የኤችፒ ሞዴሎች ቻርጁን 80 በመቶ ገደማ ላይ የሚያቆም ምርጫ ስላላቸው ይጠቀሙበት።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በማቆሙ፣ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟሉ ነገር ግን ምንም ብልሽት የሌለባቸው ኮምፒውተሮች ሊጣሉ ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ከመጣል በዊንዶውስ ፈንታ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም መጫን ይሻላል። በመጀመሪያ በፍላሽ ላይ ጭነው፣ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ይሞክሩ። ለደብዳቤና ለሰንጠረዥ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል፤ አማርኛ ለመጻፍም ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ሒሳቡን ለዊንዶውስ በተሠራው የሒሳብ ፕሮግራም፣ በፒችትሪ፣ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ግን ለዚያ ሥራ የሚውለውን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ላይ ማቆየት ግድ ይለዋል፤ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ላለመቀየር ግን ይህ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የግድ መግዛት ካለብዎ ያገለገለ ይምረጡ። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች ሲፈቱ አይቸግሩም፤ መለዋወጫቸውም በገበያ ላይ ይገኛል። ከውጭ አገር ለዘመድ የሚልክ ሰውም ባትሪው የሞተና ቻርጀር የሌለው ዕቃ ከላከ የላከው ቆሻሻ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመለስ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር በሚያስነሣ ቢሮ ናፍጣ የሚቃጠለው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ጭምር ነው። 100 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ በ8 ሰዓት 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 30 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ግን 0.24 ብቻ ይፈጃል። በስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያመላልሰው ስክሪን ሴቨር ምንም አይቆጥብም፤ ይልቁንም ከ5 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ እንዲጠፋ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ኮምፒውተሩ እንዲተኛ ያስተካክሉ። የስክሪንን ብርሃን መቀነስም በላፕቶፕ ላይ ልዩነት ያመጣል። አሮጌ ኢሜይሎችን በመሰረዝ ምድርን ማዳን ይቻላል የሚለው ምክር ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሰውን ከዋናው ጉዳይ ከማዘናጋት በቀር የረባ ፋይዳ የለውም።

በእርግጥ የማይጠገን ሲሆን አወጋገዱ መታሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሮ፣ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። «ቆራሌው» እያለ ለሚዞረው ሰው የተሸጠ ኮምፒውተር መዳቡ እንዲወጣ ሽቦው ከተቃጠለ፣ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጭስ ለሚያቃጥለውም ለጎረቤቱም መርዝ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት፤ ስክሪኑ፣ ራሙና ኪቦርዱ ሌላ ኮምፒውተር ሊያስነሡ ይችላሉ። ዲስኩን ከመስጠትዎ በፊት መረጃውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ያበጠ ባትሪ ካለ አይብሱት፣ ቻርጅም አያድርጉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡትና ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚረከብ ድርጅት ያስረክቡ።