ያገለገለ የኋላ ሾክ አብዞርበር ተገጥሞ ሞተር ሳይክሉ አልስማማ ሲል

ያገለገለ ሾክ አብዞርበር የቀድሞውን ባለቤት ክብደት ይዞ ነው የሚመጣው። ሞላው ለእርሱ ተመርጧል፤ ሞላውን የሚጨምቀው ቀለበት ለእርሱ ጠብቋል፤ ማስተካከያዎቹም እርሱ በሚሄድበት መንገድ ልክ ተዞረዋል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ሜትር ያንሱ።

ልኬቱ ሦስት ነው። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል፣ ከጎማው መሃል ሽቅብ በመቀመጫው ጎን ላይ እስካደረጉት ምልክት ድረስ ይለኩ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉ በራሱ ክብደት ብቻ ቆሞ ይለካ። በመጨረሻም የመንጃ ልብስዎንና የራስ ቁርዎን አድርገው፣ እግርዎን መርገጫው ላይ ጭነው፣ አንድ ሰው ሚዛን ይዞልዎት ሌላው ይለካ። ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ሲቀነስ የባዶ ዝቅታው ይገኛል፤ ሦስተኛው ሲቀነስ ደግሞ የጭነት ዝቅታው። ለአብዛኞቹ የአስፋልት ሞተር ሳይክሎች የባዶው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ የጭነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው።

ቀለበቱ ጠብቆ ጠብቆ ጥርሱ አልቋል፤ ኋላው ግን አሁንም ይሰምጣል

እኔም በመጀመሪያው ዕቃዬ ላይ ግማሽ ቀን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። አያደርገውም፤ የሚለውጠው የኋላውን ከፍታ ብቻ ነው። የሞላው ጥንካሬ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል።

ሁለቱን ዝቅታዎች አንድ ላይ ያንብቧቸው። የጭነቱ ልክ ሆኖ የባዶው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ ሞላው ለእርስዎ ልል ነው። ልል ሞላ እርስዎን ለመሸከም ከልክ በላይ መጨመቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሲወርዱለት ያ ውጥረት ሞተር ሳይክሉን እስከ ጫፍ ይገፋዋል። በተቃራኒው የጭነቱ ልክ ሆኖ የባዶው ብዙ ከሆነ፣ ሞላው ጠንካራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳውና የባሰ ልል ሞላ ይገዛል።

መፍትሄው ሞላ መቀየር ነው። ጥንካሬው አብዛኛውን ጊዜ ሞላው ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ አንዳንዱ አምራች በኒውተን በሚሊ ሜትር፣ ሌላው በኪሎ ግራም በሚሊ ሜትር ይጽፋል። 1 ኪሎ ግራም ወደ 9.8 ኒውተን ስለሆነ፣ 9.5 የተባለውና 93 የተባለው ሞላ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አዲሱ ሞላ በርዝመትና በውስጥ ስፋትም ከአሮጌው ጋር መግጠም አለበት።

ከጉብታ በኋላ ኋላው ደጋግሞ ይዘላል

ሞላው ሲመለስ የሚያረግበው የለም ማለት ነው። የመመለሻው ማስተካከያ (ሞላው የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነው) ብዙ ጊዜ በታችኛው ጫፍ፣ ከማሰሪያው ቀዳዳ አጠገብ ይገኛል። በቀስታ እስኪቆም ወደ ቀኝ ያዙሩትና ጠቅታውን ይቁጠሩ፤ የተገኘውን ቁጥር ይጻፉት። ሲቆም አያስገድዱት፤ ውስጥ ያለው ሹል መርፌ ይጎዳል። ከዚያ ወደነበረበት መልሰው ሁለት ሁለት ጠቅታ ብቻ ያጥብቁ። መቀመጫውን በኃይል ተጭነው ሲለቁት አንድ ጊዜ ተነስቶ ሳይወዛወዝ ከቆመ በቂ ነው።

በተከታታይ ጉብታ ላይ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እየደረቀ ይሄዳል

ይህኛው ሞላው ጠንካራ ነው የሚያስብል አሳሳች ምልክት ነው። መመለሻው ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ኋላው ሳይመለስ ሁለተኛው ጉብታ ይደርስበታል፤ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርድና መጨመቂያ ቦታ ያጣል። ሁለት ጠቅታ ያላሉና ያንኑ መንገድ ደግመው ይሂዱበት።

ማስተካከያው ከዳር እስከ ዳር ቢዞርም ለውጥ የለም

ዘይቱ አርጅቷል፣ የውስጥ ማገጃው አልቋል ወይም ጋዙ አምልጧል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ይጥረጉና ጥፍርዎን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትቱበት። ጥፍርዎ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ዘንጉ ተበልቷል፤ አዲስ የዘይት ማገጃ ቢገባለትም ያው ጭረት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ዘንጉም መታደስ ወይም መለወጥ አለበት። ብዙዎቹ እነዚህ ዕቃዎች ውስጣቸው ናይትሮጅን ነው፤ ግፊቱም 10 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እባክዎ ቤት ውስጥ አይፍቱት፤ ጋዝ መሙያ ላለው ባለሙያ ይስጡት።

የመሪው ጠባይ ተለወጠ

የሾክ አብዞርበሩን ርዝመት ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ፤ ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ይለካል። የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጎማው ጋ ሲደርስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ረጅሙ ኋላውን አንስቶ መሪውን ፈጣንና ቁንጥንጥ ያደርገዋል፤ አጭሩ ደግሞ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ያስወጣል። የርዝመት ማስተካከያ ከሌለው ለሞዴልዎ የተሠራውን መፈለግ ይሻላል። ከፍታ በተለወጠ ቁጥር የሰንሰለቱን ልልነት እንደገና ይለኩ፤ የጠበቀ ሰንሰለት ኋላው ሲጨመቅ ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ትንሽ ጉድጓድ ላይ ኳ ይላል

ሞተር ሳይክሉን በማቆሚያ አንስተው ጎማውን በእጅዎ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ሞላው ሳይነካ ጎማው ከተንቀሳቀሰ፣ የማሰሪያው ኩሽኔታ አልቋል ወይም ብሎኑ ለቀዳዳው ቀጭን ነው። ኩሽኔታውን ይቀይሩ። ቀጭኑን ብሎን በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማወፈር በጭራሽ አይሞከር፤ ልኩ የሆነ ብሎንና ቡሽ (በብሎኑና በቀዳዳው መካከል የሚገባውን ቱቦ) ያስገቡለት፤ በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው ኃይልም ይጠበቅ።